ጊዜ የነሣው ቅል

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል ያገራችን ሰው። ሁለት ሰዎች ከላይ ሲያዩዋቸው የአንድ እናት ልጆች መስለው፣ ጠባያቸው ግን አልገጥም ሲል የሚጠራ ተረት ነው። ሽማግሌ ይተርተዋል፣ ጋዜጠኛ ይጽፈዋል፣ ነገረኛ ጎረቤትም ይወረውረዋል። ስለ ዱባውና ስለ ቅሉ ራሳቸው የሚያስብ ግን እምብዛም ነው። ለነገሩ የከተማ ሰው ምን አግብቶት? ዱባን የሚያውቀው በወጥ፣ ቅልን የሚያውቀው የባህል ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው።

ተረቱን በነገር ማሳመሪያነቱ ትተን እንደ ታሪክ ብናነበው ግን ጉድ ይዞ ተቀምጧል። ከሁለቱ ሐረጎች አንዱ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ነው። ቅል ከአፍሪካ ተነሥቶ፣ ሰው ውቅያኖስ የሚያሻግር መርከብ ከመሥራቱ ብዙ ሺህ ዓመት በፊት፣ አሜሪካ ደርሷል። ዱባ ደግሞ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ከኮሎምቦስ ጉዞ በኋላ በመርከብ ተጭኖ ወደ እኛው ዓለም ከመጣ አምስት መቶ ዓመት ቢሆነው ነው። እንግዳው ታዲያ መሬቱን መጋራቱ ሳያንሰው የባለቤቱን ስም ጭምር ወስዶበታል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ጉራጌ አገር ጥሩ ቦታ ነው። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወልቂጤ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ዛሬ ሁለቱም የዞን መቀመጫዎች ናቸው፤ ወልቂጤ የጉራጌ፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ። ፎቁ፣ ባጃጁ፣ የካፌው ሙዚቃ ከየትኛውም ከተማችን አይለይም። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ሲሉ ግን አገሩ ይጀምራል። ከቤቱ ፊት ለፊት ጀፎረው ተዘርግቷል፤ ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የከብቱም መንጎራደጃ የሆነው ያ ሰፊ የሣር መንገድ። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ እንሰቱ ነው፤ እበትና አመድ እየጠገበ የሚኖር ጥቁር አፈር ላይ። በእንሰቱና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ ስፍራ ጎመኑ፣ ዱባው፣ አልፎ አልፎም ቅሉ ይገኛል።

ቅጠላቸውን ብቻ የሚያይ ሰው ሊያምታታቸው ይችላል። አበባቸውን ያየ ግን አይሳሳትም። የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ በማለዳ ይፈካል፣ ንብ ይጠራል። የቅል አበባ ነጭ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይከፈትና ሌሊቱን ሙሉ የእሳት ራት ሲመላለስበት ያድራል። ዱባ መሬት ለመሬት መሄድ አይጠላም፤ ቅል ግን አጥር ካገኘ አጥር፣ ዛፍ ካገኘ ዛፍ ላይ ይወጣል። ቡታጅራ አቅራቢያ ባየሁት አንድ ጓሮ ቅሉ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ፍሬውን ከአጥሩ ማዶ አንጠልጥሎት ነበር። «ፍሬው የማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ሁለቱም ጎረቤታሞች ሳቁብኝ። ድሮ ቢሆን ጭቅጭቅ ነበር፤ አሁን የሚፈልገው የለም አሉኝ።

እንግዲህ ወደ ስሙ ልመለስ። «ዱባ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። በዐረብኛ «ዱባእ» ይባል የነበረው ግን ዛሬ ዱባ የምንለው ሳይሆን ቅል ነው። ለዚህ ጥሩው ማስረጃ ሐዲስ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩ ሙሐመድን ምሳ ጋብዟቸው፣ ከቀረበው መረቅ ውስጥ ዱባእ እየፈለጉ ሲመገቡ ማየታቸውን ባልደረባቸው አነስ ተናግረዋል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ በዱባእ ውስጥ መጠጥ እንዳይጠነሰስ ተከልክሏል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሲለጋ ለመረቅ፣ ሲደርቅ ለመጠንሰሻ ዕቃ የሚሆነው ቅል እንጂ ዛሬ ለወጥ የምንከትፈው ዱባ አይደለም። ደግሞስ ያ በዚያ ዘመን ገና ከአሜሪካ መቼ ወጣና! ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ አዲሱ ሐረግ ሲመጣ የሚመስለውን ሐረግ ስም አወረሱት፤ ወደ እኛም ቋንቋ በዚህ ትርጉሙ ገባ። በዐረብኛው ዓይን ካየነውማ ተረታችን «ቅልና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» እንደ ማለት ነው።

የቅሉ ጉዞ ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። በሜክሲኮ ዋሃካ ውስጥ ጊላ ናኪትስ በሚባል ዋሻ የተገኘ የቅል ስብርባሪ ዕድሜው 10,000 ዓመት ገደማ ነው። ከፍሎሪዳ ረግረጋማ መቃብርም 8,000 ዓመት ገደማ የሆነው ቅል ወጥቷል። ይህ ሊቃውንቱን ለብዙ ጊዜ ሲያጨቃጭቅ ኖረ። የአፍሪካ ተክል ያን ጊዜ አሜሪካ ምን ወሰደው? ሰው ይዞት ሄደ ወይስ ውሃ? እ.ኤ.አ. በ1954 ዊቴከርና ካርተር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ቅል በባሕር ውሃ ላይ ለ224 ቀን አንሳፈው ዘሩን ቢተክሉት በቀለ። በ2005 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የዘር ቅንጣቱን መርምረው፣ የለም፣ የመጣው ከእስያ ነው፣ ቀዳሚዎቹ ሰፋሪዎች ይዘውት ሳይሻገሩ አልቀሩም አሉ። እስኪ አስቡት፣ ያን ሁሉ በረዶ ቅል ታቅፎ ማቋረጥ! እኔ በበኩሌ ይህ ነገር ገና ሳነበው አልተዋጠልኝም። በ2014 ሰፋ ያለ ምርመራ ተደረገና የጥንቱ የአሜሪካ ቅል ዘመዱ ያለው አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። የአፍሪካ ወንዝ ወደ አትላንቲክ የጣለው ቅል በባሕሩ ሞገድ እየተገፋ ዓመት ሳይሞላው የማዶውን ዳርቻ ሊረግጥ እንደሚችልም በስሌት አሳዩ።

እትብቱ እዚሁ አህጉር መሆኑን የሚያጠናክር ሌላም ነገር አለ። የቅል የዱር ዘመዶች በሙሉ አፍሪካዊ ናቸው። ከእነሱም አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ላጄናሪያ አቢሲኒካ ይባላል፤ ያገራችንን የጥንት ስም እንደ ያዘ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ጫካዎች ይኖራል። ሰው ሳይዘራው የሚበቅል እውነተኛ የዱር ቅል ግን በ2004 ከዚምባብዌ መገኘቱ እስኪጻፍ ድረስ በቅጡ የታወቀ አልነበረም። በሌላው ዓለም ቅል የሚኖረው ከሰው ጋር ነው። ይህችን ነገር አንባቢዬ ያዝልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ከሳይንሱ ወደ መጽሐፉ እንሻገር። በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሁሉ ዮናስን ያውቀዋል፤ በከተማይቱ አፋፍ ተቀምጦ ሲነድ፣ በአንድ ሌሊት በቅላ ያጠለለችለትን ተክል፣ በነጋታውም ትል በልቷት መድረቋን ያውቃል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያቺ ተክል «ቅል» ነች። ቁርዓንም በአስ-ሷፍፋት ምዕራፍ ለነቢዩ ዩኑስ የበቀለችለትን ተክል የቅል ዘር አድርገው ብዙዎቹ ተርጓሚዎች ይረዱታል። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በቆሙባቸው በወልቂጤና በቡታጅራ፣ ሁለቱም ምእመናን በአንድ ነቢይ ላይ ያጠለለችውን ሐረግ ከየጓሯቸው ሊያሳዩ ይችላሉ ማለት ነው።

በዚህች ሐረግ የተነሣ አንድ ጊዜ ሁከት ተነሥቶ እንደ ነበር ስንቱ ያውቃል? ቦታው የዛሬዋ የሊቢያ ትሪፖሊ፣ የያን ጊዜዋ ኦያ ናት። ሄሮኒሞስ የተባለው ሊቅ መጽሐፉን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ሲመልስ «ቅል» የነበረውን ቃል ለውጦ የሌላ ሐረግ ስም አገባበት። የከተማይቱ ጳጳስ አዲሱን ትርጉም ቢያነብ ምእመናኑ «ከልጅነታችን የሰማነው ይህ አይደለም!» ብለው ተነሡበት፤ ጳጳሱም መንጋውን እንዳያጣ ሰግቶ ወደ ቀድሞው መለሰላቸው። ይህን በ403 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ለሄሮኒሞስ የጻፈለት አውግስጢኖስ ነው። የዕብራይስጡ ቃል ምናልባት ጉሎን የሚያመለክት ነው የሚሉት ዛሬ ብዙ ናቸው። ጉሎም ሆነ ቅል፣ የኦያ ሰዎች ጠብ የገባኝ መስሎኛል። ጥላው በልጅነት የተማሩት ጥላ ነው።

በእኛ ቋንቋ ቅል የገባበት ጥልቀት ለብቻው ይታይ። ከፀጉራችን ሥር ያለውን አጥንት «የራስ ቅል» ብለነዋል። ጠላ የሚቀዳበት የቅል ግማሽ ሽክና ነው፤ ውሃ የሚጠጣበት አንኮላ ነው። በቤኒሻንጉል በርታዎች «ዋዛ» የሚባለውን ረጅም መለከታቸውን የሚሠሩት ቅል በቅል ላይ እየቀጠሉ ነው። ሐመሮች የቡና ገለባ የሚጠጡት በቅል ነው። ደግሞም ያ የማይረሳ ተረት አለ፦ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል»። ተረቱ የቅልን ደካማነት ነው የሚናገረው፤ ቅል ግን እንደሚታማው ደካማ አይደለም።

ለምን ቢሉ፣ እንዴት ዕቃ እንደሚሆን ማየት ነው። ከወልቂጤ ወጣ ባለ አንድ መንደር ውስጥ ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ እናት ጓሮ ተቀምጬ ይህን ሲነግሩኝ ውያለሁ። ፍሬው ገና ለጋ ሳለ አንገቱ እንዲቀና ይንጠለጠላል፤ እንዲጎብጥ ከተፈለገ መሬት ላይ ይተዋል። ወገቡ እንዲቀጥን የሚፈልግ በልጥ ያስረዋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሐረጉ እስኪደርቅ፣ ቅርፊቱ ጥፍር የማይበሳው እስኪሆን ድረስ አይነካም። «ቸኩሎ የቆረጠ የሚሸበሸብ ቅል ያገኛል» አሉኝ እማማ። ከተቆረጠ በኋላም ብዙ ሳምንት ጥላ ሥር ይሰነብታል። ነቅነቅ ሲያደርጉት ዘሩ ሲንኳኳ ያን ጊዜ አፉ ይከፈታል። ዘሩ ይወጣል፤ ምሬቱ እስኪለቅ ውሃ ይሞላል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይሞላል። ውስጡን ለማጽዳት ጠጠር ጨምሮ መናጥ ነው።

የወተት ዕቃ ከሆነ ደግሞ ይታጠናል። የወይራ ፍም በአፉ ገብቶ ጢሱ ከውስጥ ይታፈናል፤ ቅሉ ያን ጢስ ይጠጣል። ጢሱ ተሐዋስያንን ያዳክማል፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል፣ የቅቤውንም ሽታ ይሰጠዋል። መናጫው የሸክላ የሆነበት ቤት አለ፣ የቅል የሆነበትም አለ። የእማማ ቅል ከምሰሶው በጠፍር ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚናጥ ነበር፤ አፉ በኮባ ይወተፋል። አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። ስፌቱን ጣቴ እስኪያልፍበት አላየሁትም። ስንት ዓመቱ ነው ብላቸው ባላቸው ከሞቱበት ዘመን ጋር አነጻጽረው ቆጠሩልኝ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ። ድንጋይ ባይሰብርም ሠላሳ ዓመት መናጥ ችሏል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማይል ታሪክ ይመጣል፤ ዘልዬው ባልፍ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። በጉራጌ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ሸክላ የምትሠራው ሴት፣ እንጨት የሚጠርበው ወንድ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው የተናቁ ነበሩ። የቤቱ ምሰሶ የሚቆመው በእነሱ እጅ ነው፤ ወጡ የሚሠራው በእነሱ ማሰሮ ነው። ሆኖም ዛሬ ስድብ ተብሎ የሚቆጠረው «ፉጋ» የሚለው ስም ተለጥፎባቸው፣ ከነሱ ጋር ማዕድ መቁረስም መጋባትም ነውር ሆኖ ኖሯል። አሜሪካዊው ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው የጉራጌ ጥናት ስለ እነዚህ ባለሙያዎች ጽፏል። ከቤት ዕቃው ሁሉ የማንንም የተናቀ እጅ ሳይጠይቅ የሚገኘው ቅል ነው። እማወራዋ ራሷ ትዘራዋለች፣ ራሷ ቅርጹን ታወጣለታለች፣ ራሷ ታጥነዋለች። ሙያው የእሷ ስለ ሆነ ግን ሙያ አልተባለም። ሸክላ ሠሪዋ በስድብም ቢሆን ስም አላት፤ ቅል የምታዘጋጅ ሴት ስም የላትም። የቅልን ታሪክ ለመጻፍ የሚያስቸግረው ይህ ይመስለኛል። አብዛኛው ቅል ገበያ አልወጣም፣ ግብር አልተቆረጠበትም፣ መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ከዚያ መንገዱ መጣ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ከኪሳቸው እያዋጡ መንገድ ማሠራት መጀመራቸው በልማት ታሪካችን የሚጠቀስ ነው፤ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደው መንገድ የዚያ ትውልድ ላብ አለበት። መንገዱ ለአገሩ ልጆች መምጫ ነበር፤ ለመርካቶም ዕቃ እንዲሁ። መርካቶ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያገሩን ሰው ለይቶ ያሰፈረበት ገበያ ሲሆን፣ በኋላ ትልቅ ያደረገው ግን ነጋዴው ነው፤ ከነጋዴውም ጉራጌው የቱን ያህል ድርሻ እንዳለው መናገር አያሻም። በመስቀልና በአረፋ ወደ አገር የሚገባው ልጅ ለእናቱ የሚጭነው ስጦታ ነበር፤ መጀመሪያ ቆርቆሮና ኢናሜል፣ ቀጥሎ ፕላስቲክ። ቅሉን ከምሰሶው ያወረዱት ባዕዳን አይደሉም። እናቱን የወደደ ልጅ ነው ያወረደው።

ጄሪካን የሚለው ስም ራሱ የጦርነት ስም ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ለሠራዊታቸው ነዳጅ መያዣ የሠሩት የብረት ዕቃ ነበር፤ እንግሊዞች ማርከው ወደዱትና አስመስለው ሠሩት፤ ጀርመኖችን በሚጠሩበት «ጄሪ» በሚል የወታደር ቅጽል ሰየሙት። ዛሬ ወልቂጤ ገበያ ላይ የሚታየው የዘይቱ ቢጫ ጄሪካን የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ወተት ወደ ከተማው ቡና ቤት የሚመጣው ደግሞ በሃይላንድ ነው። አንድ የታሸገ ውሃ ስሙን ለፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ አውርሶ አረፈ፤ ልክ ቅል ስሙን ለዱባ እንዳወረሰው።

በጄሪካን ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ በተለይ አዲስ አበባ ተቀምጦ። ሃያ ሊትር ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ ልጅ ግን ቅል ተሸከሚ ማለት ግፍ ነው። ቅል ይሰበራል፤ ጄሪካን ከጀርባ ቢወድቅ ይነጥራል። ለናፍቆታችን ሲባል የሰው ጀርባ አይጎብጥ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሸክላ ሥራ ቢቆም አፈሩ ይቀራል፤ አንድ ቀን የሚያስታውስ ሰው ቢነሣ ይሠራዋል። ቅል ግን እንዲያ አይደለም። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋት ነገር እዚህ ላይ ትገባለች። ወፍራም ልጥ፣ ረጅም አንገት፣ ሰፊ ሆድ ያለው ቅል የሰው ምርጫ ውጤት ነው፤ በየዓመቱ የተሻለውን ፍሬ ዘር እየለዩ ያስቀመጡ ሴቶች የፈጠሩት ነው። ሳይዘራ ከቀረ ዱር ገብቶ አይጠብቀንም። አሜሪካ በውሃ የሄደው የዱሩ ቅል እንኳ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን የሚበትኑለት ትልልቅ እንስሳት ሲያልቁ ከዚያ ምድር ሳይጠፋ እንዳልቀረ ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። እኛ አሁን ለቅሉ ያለነው እንደ እነዚያ እንስሳት ነው።

አገራችን የዘር ጉዳይ የማይገባት አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዘር ማዕከል በአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት ነው፤ ይመሩት የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር በገበሬው እጅ በማቆየት ሥራቸው በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ስንዴው፣ ገብሱ፣ ማሽላው ባለ አሳቢ ነው። የሚበላ ነገር ዞሮ ዞሮ ጠያቂ አያጣም። የማይበላው ቅልስ? ሕንዶች ለጋውን ለወጥ ያደርጉታል፣ ጃፓኖች ልጠው እንደ ጥብጣብ ያደርቁታል፤ በእኛ ዘንድ ግን መራራና ዕቃ ብቻ ነው። ወልቂጤ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከየጓሮው የቀረውን የቅል ዓይነት ዞሮ ለመሰብሰብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም፤ ያሉት እናቶች ሳያልፉ መድረስ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስሙን፣ ለምን እንደሚሆን፣ ዘሩን ከማን እንዳገኙ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

የቅል ዘር ወልቂጤ ገበያ ላይ ፈልጌ ነበር። የጎመን፣ የካሮት፣ የቀይ ሥር ዘር በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል፤ የቅል የለም። ድሮም አልነበረም፤ ከጎረቤት ለጎረቤት፣ ከእናት ለልጅ በእፍኝ የሚሄድ ነገር ነበር። እማማን ለማን ሰጡ አልኋቸው። ጎረቤታቸው አይፈልግም። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ አንደኛዋ አዲስ አበባ ልብስ ትሸጣለች፣ ሌላዋ ጅዳ ናት። «እንግዲያ ለምን ይዘራሉ?» አልኋቸው። «ለመናጫው ነዋ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጄሪካን አይታጠን!» አዲስ አበባ ያለችው ልጅ በየመስቀሉ ትመጣለች። ስትመለስ ቅቤውን ከእናቷ ተቀብላ በፕላስቲክ ባልዲ ይዛ ትሄዳለች።